ለጥሎሽ የቀረቡት ሁለት የግራ ጫማዎች

በሰባ አራት ዓመተ ምሕረት ጠዋቴ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነበር። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እነሣለሁ፤ ፊቴን እታጠባለሁ፤ ዳቦ በሻይ እበላለሁ፤ ከእናቴ ጋር ወደ ፒያሳ እሄዳለሁ። እናቴ ወይዘሮ ወርቅነሽ የሱቁን ጓጉንቸር ስትከፍት እኔ ደጁ ላይ ውኃ እረጫለሁ። ከዚያ ጣቃዎቹን እደረድራለሁ፤ ቴትሮኑን ከፊት፣ አቡጄዲውን ከኋላ፣ ካኪውን ከታች። የልብስ ቁልፎቹ ባዶ የከረሜላ ጠርሙሶች ውስጥ ናቸው፤ ክዳኖቻቸውን እወለውላለሁ። ከባንኮኒው ኋላ በሚስማር የተሰቀለውን የአባቴን ግራጫ ካፖርት ግን አልነካውም። እሱን እናቴ ራሷ ታራግፈዋለች። ገዥ ዋጋውን ሲጠይቃት "የተሸጠ ነው" ትላለች። አባቴ ከሞተ አምስት ዓመቱ ነበር፤ ካፖርቱም አምስት ዓመት ሙሉ የተሸጠ ነበር። ሁለት ሰዓት ሊሆን ሩብ ሲቀረው ደብተሬን ይዤ ወደ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ።

አብዛኛውን ጊዜ የምለብሰው ሰማያዊ ቀሚሴን ነበር። ጨርቁንም የዛጎል ቁልፎቹንም አባቴ በመጨረሻ ጉዞው ከድሬዳዋ ያመጣቸው ናቸው። እናቴ ሳትሸጣቸው አስቀምጣ፣ አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ አሰፋችልኝ።

እናቴ አንድ የማይጣስ ሕግ ነበራት። የዕለቱ የመጀመሪያ ሰው ሳይገዛ ከሱቅ መውጣት የለበትም። ክርም ይሁን መርፌ አንድ ነገር ይግዛ፤ የሰጣትን ገንዘብ ግንባሯን አስነክታ፣ ሳም አድርጋ መሳቢያ ውስጥ ካላስገባች ቀኑ ተበላሸ ማለት ነው። እንኳን ሰው፣ ድመት ገብታ ብትወጣ ቅር ይላት ነበር።

ጽጌሬዳ የመጣችው እንዲህ ባለ ማለዳ፣ ከማንም ቀድማ ነው።

ሳይክሏን አቆመች አልልም፤ ፍሬን ስላልነበረው መሬቱን በእግሮቿ እየፋቀች መጥታ ከግድግዳችን ጋር አጋጨችው። ሳይክሉ ከሦስት ሳይክሎች ተገጣጥሞ የተሠራ ነው። የፊተኛው ጎማ ከኋለኛው ስለሚያንስ፣ የሚነዳው ሰው ሜዳ ላይም ሆኖ ቁልቁለት የሚወርድ ይመስላል። ቀሚሷ ከስንዴ ጆንያ የተሰፋ ነበር፤ ዞር ስትል ጀርባዋ ላይ "50 ኪሎ" የሚል ይነበባል።

"እንዴት አደሩ እትዬ ወርቅነሽ? ቁርጥራጭ ጨርቅ ልወስድ ነው የመጣሁት።"

"ስንት ሜትር?" አለች እናቴ። የእናቴ ጆሮ መግዛትን እንጂ መውሰድን አይሰማም።

"ሜትር አይደለም። ከመሬት የሚጠረገውን ነው።"

"ልትገዢው?"

"አይ፣ እኛ ቤት አንገዛም።"

"ምኑን ነው የማትገዙት?"

"ምንም።"

እናቴ የሰማችውን እንድፈታላት ብላ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ግን ልጅቷን እያየሁ ነበር። ፊቷ በፀሐይ የተለበለበ ነው፤ በግራ ቅንድቧ ላይ ትንሽ ጠባሳ አለ፤ ስትናገር የማትፈራ፣ ስትስቅ ግን የምታፍር ነበረች። ይህን ሁሉ ስንት ጊዜ ውስጥ እንዳየሁት አላውቅም። እናቴ ሁለት ጊዜ ጠርታኝ ነበር አሉ።

"በይ እሺ፣ አንድ መርፌ ግዢ። በነጻ እሰጥሻለሁ" አለች እናቴ ተጨንቃ።

"በነጻ ከሆነ መግዛት አይደለም፣ እትዬ።"

"እንግዲያው አሥር ሳንቲም ስጪኝ!"

"የለኝም።"

እናቴ ከመሳቢያው አሥር ሳንቲም አውጥታ ሰጠችኝ። "ካሱ፣ ለልጅቷ ስጫት።" ሰጠኋት። "አሁን ደግሞ አንቺ መልሰሽ ለእኔ ስጪኝ፤ መርፌውን ውሰጂ።"

ጽጌሬዳ ሳንቲሙን መዳፏ ላይ አገላብጣ አየችው። "እንዲህማ ከሆነ ገዛሁ ማለት ነው። አባቴ ይቆጣኛል" አለች። ሳንቲሙን ባንኮኒው ላይ መለሰችው። ጥጉ ላይ የተከመረውን ቁርጥራጭ ሰብስባ ጠቀለለች፤ በምትኩ በኮባ ቅጠል የተጠቀለሉ ሁለት ዓሣዎች አስቀመጠችና ሳይክሏን እየገፋች ወጣች።

እናቴ ቀኑን ሙሉ መዓት ስትጠብቅ ዋለች። የሸጠችው ግን የወትሮውን እጥፍ ነበር። ማታ ዓሣዎቹን እየጠበሰች "ገበያውን ያመጡት እነሱ ናቸው" አለች። ለጽጌሬዳ ምስጋና መስጠት አልፈለገችም።

ስለ ራሴ አንድ ነገር ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ አውቅ ነበር። የክፍላችን ሴቶች የመረብ ኳስ የሚጫወቱትን ወንዶች ለማየት አጥር ላይ ሲንጠለጠሉ እኔም አብሬ እንጠለጠል ነበር፤ የማየው ግን አጥሩ ላይ ያሉትን ነበር። ለዚህ ነገር በጎ ስም አልነበረም። የነበረውም ስም ሰው ለራሱ የሚሰጠው ዓይነት አልነበረም። ስለዚህ ስም ሳላወጣለት፣ እንደ አባቴ ካፖርት ከኋላ ሰቅዬ አስቀመጥኩት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ቁርጥራጭ ጨርቅ ታይቶብኝ በማያውቅ ትጋት ሰበሰብኩ። ሁለት ደህና ጣቃም ጫፍ ጫፋቸውን በመቀስ ሳልረዳቸው አልቀረሁም። ጠቅልዬ ተሸከምኩና ቤታቸው ወዳለበት ወደ ታቦር ተራራ ወጣሁ።

የጽጌሬዳ አባት አቶ ካሳሁን ከግብርና መሥሪያ ቤት ጡረታ የወጡ ሲዳማ ናቸው። አማርኛቸው ለስላሳ ነበር፤ ሲቆጡ ብቻ ወደ ሲዳምኛ ይዞሩ ነበር፤ እኔ ፊት የተቆጡት አንድ ቀን ብቻ ነው። ቤታቸው ውስጥ ሌላ ሰው የመሪዎችን ፎቶ በሚሰቅልበት ግድግዳ ላይ አንድ ጥንድ ቡናማ የሴት ጫማ ተሰቅሏል። ቀረብ ብዬ ሳየው ጥንድ አልነበረም። ሁለቱም የግራ ናቸው።

"አየሻቸው?" አሉኝ። "ካቻምና ነው። በቀበሌያችን ኅብረት ሱቅ ሳሙና መጥቷል ተባለና ገና ሳይነጋ ተሰለፍኩ። መስኮቱ ጋ የደረስኩት ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ሳሙናው አልቋል። 'የቀረው ጫማ ነው' አለኝ ልጁ። አየሁት፤ የሴት ነው። ቁጥሩ ሠላሳ ስድስት ነው። ሁለቱም ግራ ናቸው። እያየሁ ገዛሁት!"

"ለምን?" አልኩ።

"ተሰልፌያለኋ!"

ከጓሮ የጽጌሬዳ ሳቅ ተሰማ። ታሪኩን መቶ ጊዜ ሰምታዋለች፤ አሁንም ትስቃለች።

"ቤት ገብቼ ጫማዎቹን ፊት ለፊት አስቀመጥኳቸው" አሉ አቶ ካሳሁን። "'ካሳሁን፣ ይህን ያደረግኸው አንተ ነህ? እንግዲያው ገበያ ለአንተ አይሆንም' አልኩት ራሴን። ከዚያ ወዲህ አልገዛንም።"

ራሽናቸውንም አይወስዱም ነበር። ከጓሮ እንሰትና ጎመን አላቸው። ልብስ የሚያጥቡት በእንዶድ ነው፤ መብራታቸው የጉሎ ዘይት ነው። የጽጌሬዳ ወንድም ሙሴ አሥራ ሁለተኛን ካቻምና ጨርሶ ከሐይቁ ዓሣ ያወጣል። ጨው ከየት ታመጣላችሁ ስላቸው "በዓሣ እንለውጣለን" አሉኝ።

"እሱስ መግዛት አይደለም?" አልኩ፤ የነጋዴ ልጅ ነኝ።

"ሰው ሲለዋወጥ ይጨዋወታል። ሲገዛ ግን ይሰለፋል።"

ያመጣሁትን ጨርቅ በምስጋና ተቀበሉኝ፤ ስጦታ ግን አላሉትም። "የማይጎድልሽን መስጠት ቤት መጥረግ ነው፤ ስጦታ የሚባለው ቦታው ባዶ ሆኖ ሲታይሽ ነው" አሉኝ። ቅር አለኝ። ሁለቱን ጣቃዎች የቆረጥኩበትን ድፍረት ቢያውቁ ኖሮ እንዲህ አይሉም ነበር ብዬ ተጽናናሁ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ብቻ መሄድ አልበቃኝም። ጽጌሬዳ ያደፈ ኮሌታ ፈትቶ ገልብጦ መስፋትን፣ የተቀደደ ካልሲ መጥቀምን፣ በእንዶድ ማጠብን አስተማረችኝ። ከጎኔ ተቀምጣ መርፌው ላይ ክር ስታስገባልኝ፣ እኔ ከአምስት ዓመቴ ጀምሮ የማውቀውን ክር ማስገባት እንደማላውቅ እሆን ነበር። አሥራ አንድ ቀሚሶች ነበሩኝ። አንዱን ለዚች፣ አንዱን ለዚያች እያልኩ ፋሲካ ሳይደርስ ሁለት ቀሩኝ። ጧት ቁም ሳጥኑን ስከፍት መምረጥ ስለሌለ፣ ታቦር ላይ የማገኛትን ማሰቢያ ጊዜ አገኘሁ።

እናቴ ቁም ሳጥኑን ያየችው በሚያዝያ ነው።

"ሌባ ገብቶ ነው?"

"ሰጥቼው ነው።"

"የጨርቅ ነጋዴ ልጅ በሁለት ቀሚስ! ሰው ምን ይለኛል? ከሰረች ነው የሚሉኝ!" ቁጭ ብላ አሰበች። እናቴ ስታስብ ጣቶቿ ይለካሉ፤ ጉልበቷ ላይ ስንዝር ስንዝር ስትለካ አየኋት። "ሴት ልጅ ልብስ ስታበዛ ወንድ አለ" አለች በመጨረሻ። "ስትቀንስ ደግሞ የባሰ ወንድ አለ። እዚያ ቤት ወንድ ልጅ አለ አይደል?"

"ሙሴ አለ" አልኩ፤ እውነት ነውና።

"ይኸዋ።"

አይደለም ብል ማን ነው ልትለኝ ነው። ዝም አልኩ። እስከዚያ ድረስ በሕይወቴ ካደረግኳቸው ነገሮች ሁሉ ብዙ ጣጣ ያመጣው ያ ዝምታ ነው።

እናቴ የቀበሌያችንን ሊቀመንበር ጓድ አምሳሉን ጠርታ ስለ ሙሴ ጠባይ እንዲያጣራላት ለመነችው። ጓድ አምሳሉ ደስ አለው። የእነዚያን ሰዎች ቤት ለማየት ቀድሞውንም ምክንያት ይፈልግ ነበር። "ሁለት ዓመት ሙሉ ራሽን ያልወሰደ ሰው የት አግኝቶ ይበላል? ደብቆ እንጂ!" ይል ነበር። ሁለት የቀበሌ ጥበቃዎች አስከትሎ ወጣ፤ ጣሪያውን፣ ጓሮውን፣ አልጋ ሥሩን ፈተሸ። ያገኘው እንሰት፣ ዓሣና ሁለት የግራ ጫማ ብቻ ነው። ጫማዎቹን ትኩር ብሎ አይቶ ፊቱን አዞረ። ከዚያ ቁጭ አለና "ወይዘሮ ወርቅነሽ ጠይቅልኝ ብላኝ ነው" አለ፤ ሙሴ ዕድሜው ስንት ነው? ይጠጣል? ያጨሳል? ዘሩ ከማን ነው? ብሎ ጠየቀ።

አቶ ካሳሁን ግራ ገባቸው። በኋላ ግን የገባቸው መሰላቸው። የሴት ወገን ቀድሞ ሰው መላክ ነውር ነው። "ወይዘሮ ወርቅነሽ ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ተጨንቃ ቢሆን ነው። ነውሩን እኛ እንሸፍንላት" አሉ። ሙሴን ሳይጠይቁ፣ በደግነት ብቻ፣ በሚቀጥለው እሑድ ሽማግሌ ላኩ። ከሦስቱ ሽማግሌዎች አንዱ፣ እንደ ተከበረ ሰውነቱ፣ ጓድ አምሳሉ ነበር። ስለዚህ ያን እሑድ በአንድ አፍ የሁለቱንም ወገን ጉዳይ ይዞ መጣ።

ሽማግሌዎቹ በራፉ ላይ ቆመው አንቀመጥም አሉ። እናቴ "ኧረ ግቡ" ስትል "ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም" አሉ። ተናገሩ። እኔ መጋረጃው ኋላ የሻይ ብርጭቆዎች የተደረደሩበት ትሪ ይዤ ቆሜያለሁ። የማላገባው ሰው ሊያገባኝ ነው፤ እሱም ሊያገባኝ መሆኑን የሚያውቅ አይመስለኝም።

"ቤተ ዘመድ ላማክር" አለች እናቴ፤ እንደ ደንቡ። ቀጥላ ግን ነጋዴነቷ አላስቻላትም። "ለመሆኑ፣ ጥሎሹስ? አይገዙም ሲባል ሰምቻለሁ። እኔ ደግሞ የሰውን ሁሉ የጥሎሽ ሻንጣ የምሞላ ሴት ነኝ። ስድስት ቀሚስ፣ ጫማ፣ ጥላ፣ ሽቶ... የእኔ ልጅ ሻንጣ ባዶ ሊሆን ነው?"

ጓድ አምሳሉ ጉሮሮውን ጠረገ። "እሱን ጠይቄያለሁ። አቶ ካሳሁን 'የሚጎድለንን እንሰጣለን እንጂ የገዛነውን አንሰጥም' አሉኝ። 'እሺ፣ ከቤትዎ ምን ቢወጣ ይጎድልብዎታል?' ብላቸው፣ ቆይ ልንገራችሁ፣ ትንሽ አሰቡና ምን አሉ? 'ጽጌሬዳ!'"

ሽማግሌዎቹ በሳቅ ተንከተከቱ። እኔ ትሪውን ለቀቅኩት። ስድስቱም ብርጭቆዎች ተሰበሩ። እናቴ "ደንግጣ ነው፣ የልጅ ነገር" አለቻቸው። ደንግጬ አልነበረም። በሕይወቴ ለጥሎሽ እሺ ልል የቃጣኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

መልሱ በሁለት ሳምንት እንዲሆን ተቀጠረ።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ታቦር ወጣሁ። ሙሴ ጓሮ ውስጥ መረብ ይጠግናል። ገና ሲያየኝ ተነሣ። "ካሱ፣ በእግዚአብሔር፣ እኔ ምንም አላልኩም! ከሐይቅ ስመለስ 'እንኳን ደስ አለህ' አሉኝ። ዓሣው የበዛልኝ መስሎኝ አሜን አልኩ!"

"ዝም ብለህ መረብህን ስፋ" አለችው ጽጌሬዳ። እጄን ይዛ ወደ ተራራው ጫፍ ወሰደችኝ። ሐይቁ ከታች እንደ ተዘረጋ ፖፕሊን ጨርቅ ይታያል። ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። እጄን አልለቀቀችውም።

"ሙሴን ብለሽ አይደለም የምትመጪው" አለች።

"አይደለም።"

"አውቃለሁ። ክር ማስገባት የማያውቅ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ የለም።"

ፊቴ ጋለ። እሷ ሐይቁን እያየች ትስቃለች፤ እንደ ወትሮው በሳቋ አፍራ።

"አወቅሽ እንዴ?"

"ከመጀመሪያው ቀን። ዝም ያልኩት መርፌው እንዳያልቅብኝ ነው።"

እጇ የዓሣ ሽታ ነበረው። በኋላ ወደ ችግራችን ተመለስን።

"እምቢ ካልኩ እናቴ 'እንግዲያው እዚያ ቤት ምን ሥራ አለሽ?' ትለኛለች። ታቦርን ትዘጋብኛለች። እሺ ካልኩ ደግሞ..."

"ወንድሜን ታገቢያለሽ። እሱ ከአሁኑ እንቅልፍ አጥቷል።" ጠባሳዋን በጣቷ አከክ አደረገች። "እምቢ ማለት ያለባት እናትሽ ናት። ያውም እየሳቀች። የተቆጣ ሰው በር ይዘጋል፤ የሳቀ ሰው ይረሳል። እናትሽ ምን ስታይ ነው የማታልፈው?"

"መጥፎ ዕቃ" አልኩ ሳላስብ።

ጽጌሬዳ ወደ ቤታቸው ዞራ አየች። እኔም አየሁ። ሁለታችንም ያየነው አንድ ግድግዳ ነው።

የቀጠሮው እሑድ ሽማግሌዎቹ ሙሴን አስከትለው መጡ። ሙሴ በአሮጌ ጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ታቅፏል። እኛ የነገርነውን ቃል በቃል ለመናገር ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ነበር። "እትዬ፣ ይህ ለ... ለጥሎሹ መጀመሪያ ነው" ብሎ አስቀመጠና ወደ በሩ ሸሸ።

እናቴ ጋዜጣውን ፈታችው። አንዱን ጫማ አነሣች። ሶሉን ጎበጥ አደረገችው፤ ስፌቱን በጥፍሯ ሞከረች፤ ቆዳውን አሸተተች። "ደህና ዕቃ ነው" አለች ቅር እያላት። እጇን አስገባችበት። "ግራ።" አስቀመጠችው። ሁለተኛውን አነሣች። ጎበጥ አደረገች፣ ሞከረች፣ እጇን አስገባች። ቆመች። አውጥታ እንደ ገና አስገባች።

"ግራ" አለች።

ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን አሰገጉ።

"ጓድ አምሳሉ፣" አለች በለሰለሰ ድምፅ፣ "እነዚህ ሰዎች አይገዙም ብለውኝ አልነበረም? ይህ ከየት የተገዛ ነው?"

ጓድ አምሳሉ መሐረቡን አወጣ። "ድሮ ነው የተገዛው" አለ።

"ከየት?"

"ከ... ከኅብረት ሱቅ።"

"ከየትኛው?"

"ከእኛው።"

እናቴ በመጀመሪያ ሳል የመሰለ ድምፅ አሰማች። ከዚያ አንደኛውንም መልሳ አነሣች፤ ጫማዎቹን በሁለት እጇ እንደ ለበሰች ሳቀች። እየሳቀች ወንበር ፈለገች። እናቴን ስትስቅ ካየኋት አምስት ዓመት አልፎ ነበር፤ ድምፁን ረስቼው ነበር። ሁለቱ ሽማግሌዎች ተከተሏት፤ በራፉ ላይ የቆመው ሙሴም ሳቀ። ያልሳቀው ጓድ አምሳሉ ብቻ ነው።

"ልጄን ለሁለት የግራ ጫማ አልሰጥም" አለች እንባዋን እየጠረገች። "አቶ ካሳሁን አይቀየሙኝ። ሙሴ፣ አንተም ሌላ ትገኝልሃለች፤ ቀኝ ያላት። ያቺ እህትህ ግን ሱቅ ትምጣ፤ ቁርጥራጭ ትውሰድ። ጨዋ ልጅ ናት።"

አቶ ካሳሁን ጫማዎቹ ለምን ከግድግዳው እንደ ወረዱ ያወቁት ሙሴ ይዟቸው ሲመለስ ነው። በሲዳምኛ የተቆጡት ያን ቀን ነው። ጽጌሬዳ ምን እንዳሉ አልተረጎመችልኝም። ጫማዎቹን ግን መልሰው ሲሰቅሉ ትከሻቸው በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉት አምስት ሳምንታት ከሁሉ የተሻሉ ነበሩ። ጽጌሬዳ በየማለዳው የሱቁ የመጀመሪያ ሰው ሆነች። አትገዛም፤ ዓሣ አስቀምጣ ቁርጥራጭ ትወስዳለች። እናቴ ሕጓን መተውም ዓሣውን ግንባሯን ማስነካትም ስለ ከበዳት፣ የተጠቀለለበትን ቅጠል አስነክታ መሳቢያ ውስጥ ታስገባ ነበር። መሳቢያው እስኪሸት ድረስ። ጽጌሬዳ ስትወጣ በባንኮኒው ሥር እጄን ጨበጥ አድርጋ ትለቃለች። እናቴ ከወንዶች ሁሉ ጠብቃኝ ስለ ነበር፣ በዚያ በኩል የሚጠብቀኝ አልነበረም።

በሰኔ መጨረሻ የመሠረተ ትምህርት ዘማቾች ዝርዝር በቀበሌው በር ላይ ተለጠፈ። ከእያንዳንዱ ቤት አሥራ ሁለተኛን ከጨረሱት አንድ ሰው ይሄዳል። ጓድ አምሳሉ ቀድሞ ሙሴን "ሙሽራ ሊሆን ነው" ብሎ ትቶት ነበር። አሁን ስሙ ከሁሉ በላይ ተጽፏል። "ሙሽራ ካልሆነ ዘማች ይሁን" ማለቱን ሰማን።

ያን ማታ አቶ ካሳሁን ቤት እንሰት ቀርቦ ማንም አልበላም። ሙሴ ባይኖር ዓሣ የለም፤ ዓሣ ባይኖር ጨው የለም፤ አባትየው ደግሞ ታንኳ መቅዘፍ ከተዉ ቆይተዋል። ጽጌሬዳ በዚያው ወር አሥራ ሁለተኛን ጨርሳለች። እኔ ገና አንድ ዓመት ይቀረኛል።

"ቀልዱን ያመጣነው እኔና ካሱ ነን" አለች። "ሙሴ ጫማውን የተሸከመ ብቻ ነው። እሱ ለምን ይሄዳል?"

በማግስቱ ቀበሌ ሄዳ የወንድሟን ስም አሰርዛ የራሷን አስጻፈች። ጓድ አምሳሉ አልተከራከረም። የሚፈለግበት አንድ ሰው ነበር፤ አንድ ሰው አገኘ። ምድቧ ነገሌ ቦረና ሆነ።

ልትሄድ ዋዜማ ከሱቁ ጀርባ አገኘኋት። ከመደርደሪያችን ያወረድኩትን አዲስ ቀይ ሹራብ ሰጠኋት።

"ይጎድልሻል?" አለችኝ።

"ሃያ አለን።"

"እንግዲያው ጥራጊ ነው" አለች፤ መልሳ ሰጠችኝ።

ሹራቡን ታቅፌ ቆምኩ። ከዚያ አንገቴን ደፍቼ፣ ጨርቁን ወደ አፌ ስቤ የሰማያዊ ቀሚሴን አራተኛ ቁልፍ ክር በጥርሴ በጠስኩ። በመዳፏ ላይ አስቀመጥኩላት።

"ይጎድልሻል?"

"አዎ።"

ጣቶቿን አጠፈችበት።

"የአንቺስ ስጦታ?" አልኳት፤ እንድትስቅ ብዬ።

"የእኔን ነገ ጠዋት ሱቅ ስትከፍቱ ታዪዋለሽ" አለች።

በማግስቱ ዘማቾቹ ገና ሳይነጋ በጭነት መኪና ሊሄዱ ተሰበሰቡ። እናቴም መጣች፤ ለጽጌሬዳ ቆሎ ቋጥራላት ነበር። ጽጌሬዳ ከተጣጣፈ ካኪ የተሰፋ ኮት ለብሳለች። አንገቱ ላይ፣ ሌሎቹ ቁልፎች ሁሉ ልዩ ልዩ በሆኑበት ኮት ላይ፣ አንድ የዛጎል ቁልፍ ያበራል። እናቴ ቆሎውን ስትሰጣት ዓይኗ እዚያ ላይ አረፈ። እናቴ ቁልፎችን ሌላው ሰው ፊት እንደሚለይ ትለያለች። ከዚያ የእኔን ቀሚስ አየች። ከዚያ የትም አላየችም።

መኪናው ሄደ። ወደ ፒያሳ በእግራችን ስንመለስ እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች።

"ያ ቁልፍ አባትሽ ያመጣው ነው" አለች።

"አዎ።"

"አጥብቃ ሰፍታዋለች?"

"አዎ። እሷ አጥብቃ ነው የምትሰፋው።"

"እንግዲያው ይሁን።"

ጓጉንቸሩን ከፈተች፤ እኔ ደጁ ላይ ውኃ ረጨሁ። የጽጌሬዳ ሳይክል የሚጋጭበት ግድግዳ ባዶ ነበር። የዚያን ቀን የመጀመሪያው ገዥ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ነጭ ክር ገዙ። እናቴ ገንዘቡን ግንባሯን ሳታስነካ መሳቢያው ውስጥ አስገባችው። ሰውዬው ሲወጡ ከላይኛው መደርደሪያ አንድ ጠርሙስ አወረደች። ከሥሩ ከቀሚሴ የተረፉ ሁለት የዛጎል ቁልፎች ነበሩ። አንዱን ባንኮኒው ላይ፣ ፊቴ አስቀመጠች።

"ልስፋልሽ?"

"አይ፣ እማዬ።"

ቁልፉን ወደ ጠርሙሱ መለሰች፤ ክዳኑን ገጠመች። ስለ ሙሴም ስለ ሌላ ወንድም ከዚያ በኋላ ጠይቃኝ አታውቅም።

"ሰው ሲጠይቅሽ፣" አለች ካፖርቱን እያራገፈች፣ "የተሸጠ ነው በይ።"

ከነገሌ ሦስት ደብዳቤዎች መጡ፤ ሦስቱም የተጻፉት በአሮጌ የዘር መረከቢያ ቅጽ ጀርባ ላይ ነው። ሦስተኛው ለተጨማሪ ዙር እንደምትቆይ ይናገራል። አራተኛ አልመጣም። ሳይክሏ አቶ ካሳሁን ቤት ግድግዳ ላይ ተደግፏል፤ ሁለቱ ጫማዎች ቦታቸው ላይ አሉ። ሱቁ በየማለዳው በአንድ ሰዓት ይከፈታል። ሰማያዊው ቀሚሴ አራተኛ ቁልፍ የለውም።